ታርጋ የሌላት

ከለገሃር ጀርባ፣ ሐዲዱን ሣር ከዋጠበት፣
ላዳ ከምንቀባበት፣ ሚኒባስ ከምናቃናበት ግቢ
አንድ ማክሰኞ በአይሱዙ ተጭና
ጀልባ ገባች፣
በአፍጢሟ ተደፍታ፣ በገመድ ተጠፍራ።
ትራፊኩ በር ላይ ቆሞ ሳቀ፦
«ታርጋዋ የታለ?»
ስንሻው መለሰለት፦
«ሊብሬዋ ሐይቅ ውስጥ ቀርቷል።»

እኔ አልሳቅኩም። እጄን በሆዷ ላይ አሳለፍኩ፤
መዳፌ ነጭ ሆኖ ተመለሰ፣
ኖራ ግድግዳ የተደገፈ ትከሻ ይመስል።
የላንጋኖ ፀሐይ ሃያ ዓመት ልሷታል፣
የቆዳዋን ወዝ ጠጥቶ ዱቄቱን ትቶላታል።
ብረት ብትሆን ዝገቱን አውቀዋለሁ፤
ዝገት ይጮኻል፣ በቀይ ይናገራል፤
ፋይበር ግን ዝም ብሎ ነው የሚያረጅ፣
እንደ ጨዋ ሴት፣ ፓውደሩን ተቀብቶ።

ባለቤቷ ትርሲት ትባላለች።
«የአባቴ ናት» አለች። ቆየችና፦
«ቀለም እንዳትቀቡብኝ፤ የራሷ መልክ ይመለስ፣
እንደ ነበረች።»
እንደ ነበረች!
ደንበኛ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው፤
እንደ ነበረ ግን በቆርቆሮ አይሸጥም፣
ሱማሌ ተራን ዞሬ አላገኘሁትም።

ሰፈራችን ውኃ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚመጣው፣
እሱም ሌሊት፣ ቧንቧው እንደ ሽማግሌ እያሳለ።
ስለዚህ ጀልባዋን በጀሪካን አጠብናት፤
ሐይቅ የተንተራሰ ጎን
ሃያ ሊትር ተሰፈረለት።
ስንሻው ያፈስሳል፣ እኔ እፈትጋለሁ፤
መጀመሪያ በአራት መቶው ብርጭቆ ወረቀት፣
ከዚያ በስምንት መቶው፣ ከዚያ በሺው፣
ከዚያ ሁለት ሺው፣ እሱ ወረቀትም አይባል፣
የጥጃ ጆሮ ነው።
ሙያውን ያስተማረኝ ማስትሮ ገብረየስ ይል ነበር፦
«ላዩ የጥፍር ውፍረት ነው፤
ከጥፍር ሥር ሥጋ አለ፤
ሥጋው ላይ ከደረስክ ይቅርታ የለም።»
እና በጣቴ እያዳመጥኩ ወረድኩ፤
የገመድ ፍትጊያ፣ የድንጋይ ጭረት፣
የይብራ ይሁን የምን የደረቀ ኩስ፣
ከኋላ፣ ከመቀመጫው ሥር ደግሞ
ጥቂት ጠማማ መስመሮች፤
ምስማር ይሁን የዓሣ እሾህ ማን ይጠይቃል?
ለሰለሱ።

ሰም ቀባናት፤ በበግ ፀጉር አሸናት።
ዓርብ ማታ ቀላል ባቡሩ በድልድዩ ሲያልፍ
በሆዷም ላይ አለፈ፣
መስኮት በመስኮት፣ ተሳፋሪው ሳይቀር።
ስንሻው አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣
ኮራሁ።

ቅዳሜ ትርሲት መጣች። ዞረቻት።
በጀልባዋ ጎን መልኳን አየች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፤
ከዚያ ከኋላ ጎንበስ ብላ
ከመቀመጫው ሥር በጣቷ ፈለገች።
ፈለገች።
«እዚህ ጋ» አለች፣ «ሰባት ዓመቴ ነበር፣
ስሜን መጻፍ የተማርኩ ሰሞን።
‹ር› ላይ ስደርስ አባዬ ከነምስማሩ ያዘኝ፤
ሊገርፈኝ ነው ስል
ተቀብሎኝ የቀሩትን ሁለቱን እሱ ጻፈልኝ።
የሱ ‹ት› ከኔ ‹ት› ትበልጥ ነበር።»

እጄን የቱታዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩ።
የተፋቀ ስም በሰም አይመለስም።
ደግሜ ልጫረው? የማንን እጅ አስመስዬ?
ሒሳቡን ልተውልሽ አልኳት፤ እምቢ አለች፤
ቆጥራ ከፈለች፣ አንድ ብር ሳታጎድል፤
እሱ ነው የባሰኝ።

ነጩ እጣቢ በቱቦው ወርዷል፣
ከቱቦው ባንትይቀጡ፣
ከባንትይቀጡ አቃቂ፣ ከአቃቂ አዋሽ።
ጀልባዋ ገና አይሱዙው ላይ ስትታሰር
አራቱ ፊደል ቀድመዋት ውኃ ገብተዋል።
አዋሽም ቢሆን ባሕር አይደርስም ይላሉ፣
አፋር ላይ አሸዋው ይጠጣዋል።
እኔም ባሕር አላየሁ።

ሰኞ አንድ ላዳ መጣ፣ በሩ የተጫረ።
ስንሻው ወረቀቱን ውኃ ሊነክር ሲል
ቆይ አልኩትና ሾፌሩን ጠራሁት፦
«ይህን ማን ነው የጫረው?»
ሳቀብኝ።
«ሳልነካው ንገረኝ» አልኩት።