ዘጠና አንድ ሴንቲ ሜትር

በየበሩ አለ፣ ከእንጨት የተሠራ፣
ድንክ ሰው፣ ባለቀይ ቆብ፣ የልጆች መከራ።
እጁን እንደ አጥር፣ ወደ ጎን ዘርግቶ፣
ክንዱን ያልነካ ልጅ፣ ይመልሳል ገፍቶ።
ማዕዶት በጣቶቿ፣ ተንጠራርታ ቆመች፣
«ፀጉሬስ አይለካም?» ብላ ተከራከረች።
ጠባቂው ልጅ እግር፣ ከትከት ብሎ ሳቀ፣
ሳቁ ግን ከሕጉ፣ አንዲት ጣት አልላቀ።
«ዘጠና አንድ ሴንቲ» አለኝ በትሕትና፣
«መቶ ስትሞላ፣ ትምጣ በደኅና።»

ከቲልበርግ በአውቶቡስ፣ በማለዳ ተነሥተን፣
ነው እዚህ የደረስነው፣ ሳንድዊች ቋጥረን።
ከአራት ዓመት በታች፣ መግቢያ በነጻ አሉኝ፣
ነጻ ለምን እንደሆነ፣ ሳልጠይቅ አስገቡኝ።
እናቷና ታላቋ፣ ይድነቃቸው ሄደዋል፣
ሰማይ ላይ ከሚጮኸው፣ ባቡር ተሳፍረዋል።
አልፎ አልፎ ጩኸቱ፣ በራሳችን ሲያልፍ፣
የእናቷን ትለያለች፣ ከዚያ ሁሉ ጎርፍ።
እኔ ጋሪ ገፊ፣ ቦርሳ ተሸካሚ፣
የሦስት ሰው ጃኬት ጫኝ፣ የአንዲት ኩርፊያ አስታማሚ።

ካርታውን ዘረጋሁ፣ በጋሪው ክዳን ላይ፣
የብራባንት ነፋስ፣ ሊወስደው ወደ ሰማይ።
ሽንት ቤት አሥራ አራት፣ ጥብስ ድንች ዘጠኝ፣
የስጦታ ሱቁማ፣ ከየጥጉ አየኝ።
የሕፃናት መጫወቻ፣ የቦታው ምልክት፣
አንዲት ቢጫ ነጥብ፣ ጤፍ የምታህል ናት።
እሷም በእጥፋቱ፣ መሃል ተሰንጥቃ፣
ግማሿ ሐይቅ ገብታ፣ ግማሿ ጫካ ዘልቃ።

የኳስ ገንዳው ተዘግቷል፣ ለጽዳት ነው አሉ፣
ኳሶቹ ብቻቸውን፣ በመስታወት ያያሉ።
«ከወላጅ ጋር» ይላል፣ የሚዞረው ሲኒ ምልክት፣
ወረፋው ግን አለ፣ የሰባ ደቂቃ ርዝመት።
ሰባ ደቂቃ ማለት፣ ለሦስት ዓመት ሰው፣
የዕድሜዋ ሩብ ነው፤ ማን ይታገሠው?

ጠየቅኩ አንዲት ሴትዮ፣ ዋፍል የምትሸጥ፦
«ከዘንዶው ጀርባ ዙርና፣ በድልድዩ አቋርጥ።»
ዘንዶው ግን ሁለት ነው፣ አንዱ በእድሳት ላይ፣
በላስቲክ ተሸፍኖ፣ አፉ ብቻ ሲታይ።
እኛ እሱን ዞርንና፣ የደረስንበት በር፣
ባለቀይ ቆብ ድንኩ፣ እጁን ዘርግቶ ነበር።

ጋሪው ውስጥ ኩርፊያ አለ፣
ድምፅ የለውም፣ ዝም ያለ፣
ከንፈሩ ወጣ ያለ፣
ጫማ አውልቆ የጣለ።
አንዱን ጫማ ፍለጋ፣ ሃምሳ እርምጃ ወደ ኋላ መጣሁ፤
ሌላው ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ሦስት ጊዜ አነሣሁ።

አንድ ሽማግሌ፣ መንታ እየገፋ ያለፈ፣
አየኝና ካርታዬን፣ ቀስ ብሎ አጠፈ።
«ካርታ አያውቅም» አለኝ፣ «ጆሮህን ተከተል፤
ተወው የትልልቁን፣ ከሰማይ ሲንከባለል።
የትንንሾች ጩኸት፣ ከመሬት ይፈልቃል፣
ቆም ብለህ ካዳመጥክ፣ ውኃ ውኃ ይላል።»

ቆምኩ። እውነቱን ነው።

ከሽንት ቤቶቹ ጀርባ፣ ከቆሻሻ መኪና ማለፊያው አጠገብ፣
አጥሩ ከጉልበት የማይደርስ፣ ምልክት የሌለው ክብ፤
አሸዋ፣ አጭር ሸርተቴ፣ ከብረት የተሠራ የእጅ ቦምባ፣
ውኃው በእንጨት አሸንዳ ወርዶ፣ አሸዋው ውስጥ የሚገባ።
በሩ ላይ ድንኩ አለ። አዎ፣ እዚህም ድንኩ አለ፤
እዚህ ግን «ከክንዴ በላይ የሆነ፣ ውጭ ይቁም» ያለ።

ማዕዶት ከጫማዬ እስከ ግንባሬ ለካችኝ።
«አባ፣ አንተ ትልቅ ነህ» አለችኝ፣
ልክ እንደ ጠባቂው፣ በትሕትና፤
«ስታንስ ትመጣለህ» ብላ ገባች፣ በአንድ እግር ጫማ፣ በደኅና።

እኔም ከሌሎች ጃኬት ተሸካሚዎች ጋር፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፤
ሻርፕ ያሰረች አንዲት እናት ብርቱካን ላጠች፣ ግማሹን ወሰድኩ።
ማንም ቃል አላወጣም። የሁላችን ዓይን ቦምባው ላይ ነበር፤
እጀታው ላይ በሆዳቸው ተንጠልጥለዋል፣ ማዕዶትና አንድ ባለቀይ ፀጉር።
ሲወርዱ ውኃ ይተፋል፣ ሲነሡ አየር ይውጣል፣
ታች ግድብ የሚሠሩት «ጨምሩ!» ይላሉ፤ ግድቡ በየደቂቃው ይናዳል።

እናቷና ይድነቃቸው መጡ፣ ፊታቸው ገርጥቶ፣ ፀጉራቸው ቆሞ፤
«እናንተስ ምን አገኛችሁ?» አለች ማዕዶት፣ ካልሲዋን እየጨመቀች፣ ቀና ሳትል ደግሞ።

ይድነቃቸው፣ ሜትር ከአርባው፣ አጥሩን አየው፤ ድንኩን አየው፤
ጉልበቱን አጥፎ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ በክንዱ ሥር ሾለከ።
ብርቱካኑ ይጣፍጣል። ማንም ምንም አላየው።