ሃሎ ሐይቅ

ቁጥር ቆርጬ ቆየሁ፣ ከፒያሳው ቴሌ ቤት፤
አርባ ሦስት ሲባል፣ ቀረብኩ ወደ መስኮት።
«ምን ልርዳዎት አባባ?» አለችኝ ልጅቱ፤
ደረቷ ላይ ስሟ፣ «ዘሐራ እሸቱ»።
«ኢንተርኔት ለቤቴ» አልኳት ጎንበስ ብዬ፤
«ስንት ሜጋ ይሁን?»
አልመለስኩም ቶሎ፤ ሳል ያዘኝ መስዬ።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ለዚሁ መሥሪያ ቤት፣
ምሰሶ የወጣሁ፣ በብረት ጥፍር ጉልበት፣
ከደሴ እስከ ሐይቅ፣ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ፣
ሽቦ ስዘረጋ፣ ያለቀ አካሌ፣
ርቀት በእርምጃ፣ ብልሽት በጆሮዬ ለክቼ የኖርኩኝ፣
ሜጋ የሚሏት ነገር፣ ካንድ መስኮት ጣለችኝ።

«አብሽሩ» አለችኝ፤ ወረቀት ዘረጋች፤
አንዱን በሰማያዊ፣ አንዱን በቀይ አሰመረች።
ፋይበር አለ፣ ፈጣን፤ ግን ኪስ የሚያራግብ፤
ሲም የሚጎርስ ሣጥን፣ ካንቴና የሚያልብ።
«ቤቴ ከጦሳ ሥር፣ ሞገድ ያጥረዋል፤
ተራራው ፊት ለፊት፣ ቆሞ ይጋርደዋል።»
«የጥንቱስ?» አለችኝ። ጥንቱን ማን ይወቀው፣
እጄ ያሰረውን፣ ጣቴ ያጠበቀው፤
በዚያ በክፉ ኅዳር፣ ከተማው ሲጨልም፣
ተበጥሶ ቀረ፤ የጠገነው የለም።
ልጄ ከሐረጎ ሥር፣ እዚሁ ኮምቦልቻ፤
አርባ ቀን ለመንን፣ «አለሁ» ብትል ብቻ።
ይህንን ለዘሐራ፣ አልነገርኳትም እኔ፤
«ፋይበሩን ጻፊልኝ፣ ይቆረጥ ከጎኔ።»

ሐሙስ ያሉት ሐሙስ፣ በሦስተኛው ሐሙስ፣
ሁለት ልጆች ይዞ፣ በመሰላል መጣ።
ቶፊቅና ጓዱ፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ፣
ግድግዳ መዘኑ፣ ቀዳዳ አወጡ።
«ክሩ መስተዋት ነው፣ ብርሃን ነው» አለ፤
ቢለካ ከጦይባ፣ ሽበት ያልተሻለ።
ይህ ነው የሚሸከም፣ ይሄን ሁሉ ጉዳይ?
የኔ ሽቦ እኮ ቁራ ያሳርፍ ነበር፣ ሦስት አራት፣ ላዩ ላይ።

መሰላሉን ያዝኩት፣ እግሩን እያየሁኝ፤
«በግራ ርገጥ» ልለው፣ ሁለቴ ቃጣሁኝ።
«ይሄ የሞተ ሽቦስ፣ ልበጥሰው?» ቢለኝ፣
«ምንህን ከበደህ?» አልኩ፤ ሌላ ቃል ራቀኝ።

የት ይቀመጥ ሣጥኑ? ተነሣ ክርክር፤
ጦይባ «መስገጃዬ ጋ፣ ዓይን አያፍጥ» ስትል በምር፣
ቶፊቅ «ከፍ ይበል እንጂ፣ ከፍሪጁ ጎን አይደር!»
መጨረሻ ቡፌው ላይ፣ በዳንቴሉ መሀል፣
ከጥቁሩ ስልኬ ጎን፣ እንጀራ ልጅ መስሎ ቁጭ ብሏል።
«የይለፍ ቃል ይስጡኝ፣ ሰው የማይገምተው»፤
ውጫሌ መግቢያ ላይ፣ እግሬን ያሳጠረው፣
የዚያን ምሰሶ ቁጥር፣ ሰጠሁት፣ ጻፈው።
ቀይ ብልጭ። ቀይ ብልጭ። ቶፊቅ ላቡን ጠረገ።
ቀይ ብልጭ።
አረንጓዴ አደረገ።

ማታ ልጃችን መጣች፣ ከማራገቢያ ፊት፤
«ከሳሽ አንቺ ልጅ!» አለች ጦይባ፣ ገና «ሰላም» ስትላት።
የምስር ዋጋ አወራን፣ የልጇን አዲስ ጥርስ፣
የጠፋውን ቁልፍ፣ የጎረቤት ለቅሶ፣ የቤት ኪራይ መልስ፤
ልጄ «እናንተስ—» ስትል፣ አፏ ተከፍቶ ሳለ፣
መብራት ሄደ።
ሰፈሩም ሣጥኑም፣ ባንዴ ድርግም አለ።

ክሩ ብርሃን ነው አሉኝ፤
ብርሃኑም መብራት ካልመጣለት ጾም አዳሪ ኖሯል።
የኔ መዳብ እኮ፣ ሰፈር ቢጨልምም፣ አይጨልምም ነበር፤
ከማዕከሉ ባትሪ፣ ጉልበት ይዞ ሲያድር።
በዳበሳ ሄድኩኝ፤ ቡፌውን ነካሁት፤
የጥቁሩን ስልክ እጀታ፣ ከቦታው አነሣሁት፤
እንደ ድሮው ፍተሻ፣ «ሃሎ ሐይቅ፣ ሃሎ ሐይቅ፣ ይሰማል?» አልኩት።

«ማን ነው?» አለች ጦይባ፣ ሻማ እየፈለገች።
«ሐይቅ ነው።»
«ምን ይላል?»
«መስመሩ ደህና ነው ይላል።»
«አንተ ሰው!» አለችኝ፤
ሳቋ የለኮሰችውን ክብሪት አጠፋው።