አሥራ ሰባት ሲቀረው

ከኮምቦልቻ ስንወጣ ቆጣሪው ላይ ያለው
ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ሰባት፣ ስምንት ነው።
«ሚሊዮን ልትደፍን ነው» አለ እሸቱ፣ መሪውን እያሸ፣
«ዕድሜዬን ጭና ነው መንገዱ የሸሸ።»

ኤንትሬዋ ቆርቆሮ ተሸክማ ታቃስታለች፤
ቦርከናን ከኋላ ትታ ሐረጎን ትቧጥጣለች።
እኔ ሦስት ሌሊት የፈጀ ደብተር ይዤ ረዳት ወንበር ላይ፣
«ጋሼ፣ አምስት ኪሎ ሜትር ታገስና ቁጥሩን እይ።»

ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሺህ
ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሦስት።
መጣ። በጉም ውስጥ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ከመታጠፊያው አፋፍ፣
ሳያፏጭ፣ ሳይጮህ፣ እንደ ማንም ሊያልፍ።

«ይኸ ምኑ ይገርማል?»
«ብቸኛ ቁጥር ነው።
ባለ ስድስት አሃዝ ከሆኑት ሁሉ የመጨረሻው ብቸኛ፤
ከዚህ እስከ ሚሊዮኑ ድረስ የለውም ጓደኛ።
በሦስት ስለው ሁለት ተረፈ፣
በሰባት አምስት፣ በአሥራ አንድ ስድስት ተንሳፈፈ።
መቶ ስድሳ ስምንት አካፋይ በተራ አሰለፍኩበት፤
የመጨረሻው፣ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት፣
ለስምንት ብቻ ሳተው።»

«ከዚያ በላይስ ለምን አልሞከርክም?»
«ከሺህ የሚበልጥ አካፋይ ቢኖረው፣
ከሺህ የሚያንስ ባልንጀራ ይኖረው ነበር፤
የእነዚያን በር ሁሉ አንኳኩቻለሁ።»

ዝም አለ። ጉሙን በመጥረጊያው ገፋ።
«ብቸኛ» አለ። «እኔማ ሚሊዮኑን ነኝ።
ለእኅት፣ ለጎማ፣ ለትራፊክ፣ ለእድር፣
ተካፍዬ አለቅሁ፣ ቀሪ የለኝ ነገር።»
«አርባ ዘጠኝ አካፋይ አለው ሚሊዮን» አልኩት፣
«ውስጡን ፈልፍለው ቢያዩት ግን
ሁለትና አምስት ብቻ ናቸው የሠሩት።»
ሳቀ፤ መልስ ግን አልሰጠኝም።

አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር።
በመካከል ያሉት አሥራ ስድስት ቁጥሮች ሁሉ
እንደ ደረቅ እንጨት ተሰነጠቁልኝ፤
ስድስቱ ዘጠኞች እንኳ፣ ያን ያህል ተሰልፈው፣
በሰባት፣ በአሥራ ሦስት፣ በሠላሳ ሰባት ተተረተሩ።

ደሴ መግቢያ ላይ፣ ጦሳ በግማሽ ሲታይ፣
ስድስቱም ጥርሶች አብረው ዞሩ።
ዜሮ ዜሮ ዜሮ ዜሮ ዜሮ ዜሮ።
«አዲስ መኪና ገዛሁ በለኛ!» አለ፣ ዳሽቦርዷን መታ መታ አድርጎ፤
የተሰነጠቀው መስታወት ግን እንደተሰነጠቀ ነው፣
ፍሬኗም እንደ ወትሮው ታለቅሳለች።

ፒያሳ ስንደርስ ቆጣሪው ሦስት አለ።
እውነቱ ሚሊዮንና ሦስት ነው።
ሦስትም ብቸኛ፣ ሚሊዮንና ሦስትም ብቸኛ፤
ዋሾ ቆጣሪ አንድ ጊዜ ዋሽቶ አልዋሸ።

ቆርቆሮው ሲወርድ፣ ጎማውን በእግሩ እየነካካ፣
«ኑርዬ፣ የሚቀጥለውስ መቼ ነው?» ይለኛል።
«የቆጣሪው ነው የእውነቱ?»
አሰበ። ወደ ሰሜን፣ ወደ መንገዱ አየ።
«የእውነቱ።»
«ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይቀረዋል፤
ሐይቅ ስንደርስ፣ ቆጣሪውን አትመነው።»