ጉልበት

ማክሰኞ ማታ ነው ልምምድ፣ ፖርት ኬምብላ፣ ከብረት ፋብሪካው ጀርባ፤
የብላጎይ ቶዮታ ሲወጣ፣ የትሬና ከበሮ ሲገባ።
ዘይት የጠገበ ስሚንቶ፣ አንድ አምፖል፣ እግሩ የወለቀ ወንበር፣
እኔ ቤዝ ጊታሬን ታቅፌ፣ ከማቀዝቀዣው ሥር።

ትሬና «አንድ፣ ሁለት» ብላ «ሦስት»ን አትጠብቅም፤
ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ፣ ምቷ ትንፋሽ አይሰጥም።
ሰባት ዘፈን ነበረን፣ ሰባቱም ፓንክ፣ ከሁለት ደቂቃ በታች፣
ስለ ዘበኛና አጥር፣ ስለ ደረቀ ገንዳ፣ ስለ ተላጡ ክርኖች።

ዞራን ነበር ፊት ፊታችን፤ ስኬትቦርድ ላይ የተወለደ
ይመስለን ነበር፣ ከደረጃ ደረጃ እየነጎደ።
እስከዚያ የየካቲት እሁድ።
ከአሮጌው መዋኛ ከንፈር ሲወርድ አንድ ነገር ቀጭ አለ።
ሁላችንም ሰማነው። ከዚያ የባሕር ወፎቹ ብቻ።
ሐኪሙ የራጅ ፊልሙን ወደ መብራት አንሥቶ
«ጉልበትህን እርሳው» አለው።

ክረምቱን ሙሉ፣ እግሩን ሣጥን ላይ ዘርግቶ፣
ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ክሮቹን አላልቶ አላልቶ፣
ጎረቤት የጣለውን የብሉዝ ሸክላ እየሰማ
አንዷን ድምፅ ይጎትታል፣
እንደ ከሰል ባቡር በጨለማ።

«ምንድን ነው ይሄ? ለቅሶ ነው?» አለች ትሬና።
«አለመሮጥ ነው።»
«እኔ አሮጊት አይደለሁም።»
«እኔስ? ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው።»
ሦስት ሳምንት ተኮራረፉ። መሐል የቆመ ቤዝ መቺ ምን ይላል?
ከሁለቱም ይስማማል።

አንድ ማክሰኞ የዞራን አባት ብላጎይ፣ ከፈረቃ ወጥቶ፣
የምሳ ዕቃውን እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ መጥቶ፣
«ከሁለታችሁ አንዳችሁ ዝጉልኝ!» ብሎ ጮኸ።
ማንም አልዘጋ። እልህ ነው።
እሷ ባለ በሌለ ኃይሏ ትሮጣለች፣
እሱ ያንኑ ባቡሩን ይጎትታል፣
እኔ የቱን እንደምይዝ ጠፍቶኝ ዝም ብዬ እራመዳለሁ፤
ድንገት የሷ አራት ምት በሱ አንድ ምት ውስጥ
ገጠመ።
የቆርቆሮው በር ተንቀጠቀጠ። ምስማር ከግድግዳ ወደቀ።
ማንም ማንንም አላየም፣ እንዳይበላሽ ፈርተን።

አምስት ደቂቃ ከሃምሳ። ሲያልቅ አምፖሉ ገና ይወዛወዛል።
«ምን ይባላል?» አለ ብላጎይ።
ዞራን እግሩን በሁለት እጁ ከሣጥኑ አውርዶ፣
«ጉልበት» አለ።
«እንግዲያው መኪናዬን ግፉልኝ፤
መብራቷን ሳታጠፉ ትታችሁ፣ ባትሪዋ ሞቷል።»

ገፋን፤ ዞራን መሪውን ይዞ፣
ከንፈሩን ነክሶ እየሣቀ፣
በደህናው እግሩ ምቱን እየቆጠረ።