ቁጥር አርባ ሦስት

የካቲት ነው ገና፣ በረዶው በር ዘግቷል፣
የሐምሌን ቦታ ግን ዛሬ ያልያዘ አጥቷል።
ካርታውን ዘረጋሁ ከምግብ ጠረጴዛ፣
ማረን ከጎኔ ናት ቀይ እርሳሷን ይዛ።
ዊኒፔግ የሚሉት ያ ሰፊ ሐይቃችን
ከማር ብርጭቆ ሥር ተኝቷል ከፊታችን።

ጋርዝ አንድ ነገር ነው አጥብቆ የሚሻው፤
በወዲህ ተገብቶ በወዲያ የሚወጣው፣
ተጎታቹን ቤት የኋሊት የማያስነዳው።
አምና የሰው ድንኳን፣ ካቻምና ጥድ ገጭቶ
ይኸው እስከ ዛሬ ኋላ ማርሽ ፈርቶ።
ማረን ሸርተቴ አለች፣ ኢሊ ኢንተርኔት፣
ውሻችን አፍ ቢያወጣ ይል ነበር፣ አጥንት።
እኔ ጥላ ፈለግሁ፣ ከሰው ራቅ ያለ፣
ሽንት ቤቱ ግን ቅርብ፤ እንዲህ ያለ ካለ።

ሃያ ሁለት ጥሩ ነው፣ አጠገቡ ረግረግ፤
ትንኙ ሲነሳ ሰው ያስመኛል ማረግ።
ሠላሳ ውብ ነበር ዋጋውን ሳናየው፤
ስናየው ወዲያውኑ በአውራ ጣት ከለልነው።
አሥራ አምስት ተይዟል፣ አሥራ ስድስት ደግሞ
እንደ አያት ርስት ይዞታል አንድ ሰው ከርሞ ከርሞ።

አባቴ ሃልዶር ግን ከመስኮቱ ሥር ነው።
ቱቦ በአፍንጫው፣ ማሽኑ ከጎኑ፣
ኩርር... ፍስስ... እያለ፣ ሌሊቱም ያው ቀኑ።
ፊቱን ሳይመልስልን፣ «ሰባት ቁጥር» አለ።
«ከአለቱ ሥር ያለው። እናትሽ በር ከፍታ
እግሯን የምትነክረው፣ ገና ከአልጋ ተነስታ።
ያን ጊዜ አንቺ በሆዷ ነበርሽ።
ዓሣ ጠብሼ አበላኋችሁ።»

ሰባትን አውቀዋለሁ።
ሰባት ምሰሶ የለው፣ ሶኬት የለው፣ ቆጣሪ የለው።
ጄነሬተር ቢሉ፣ ደንቡ ተጽፏል፤
ከምሽቱ አራት ሰዓት ሞተር ሁሉ ይጠፋል።
አባቴ ግን ከአራት ሰዓት በኋላም ይተነፍሳል።

ደወልሁ። ጉንፋን የያዛት ሴትዮ አነሳች።
«መብራት ያለው አንድ ነው የቀረኝ፣ አርባ ሦስት» አለች።
«ኋላ እንዳትወቅሺኝ፣
የፍሳሽ ታንክ የሚገለበጥበት ጉድጓድ ጎረቤቱ ነው፣
ሐይቁም ከዚያ አይታይ፣ ቁጥቋጦ ከልሎት ነው።»
በቀይ እርሳስ ከበብሁት።
አባቴ ሁለት ቀን አኮረፈ።
በሦስተኛው፣ እንቁላሉ አልበሰለም ብሎ ተናገረ።

ሐምሌ።
ጋርዝ የፈራው ደረሰ፤ በኋላ ማርሽ ብቻ የሚገባ ቦታ።
«ግራ! ኧረ ቀኝ! ቁም!» አንድ ሰዓት ሙሉ ጫጫታ።
ጎረቤታችን ቨርነን ታጣፊ ወንበሩን አውጥቶ፣
ቢራውን በጉልበቱ መሃል አቁሞ፣ እንደ ቲያትር ሊያይ መጥቶ፣
ስንጨርስ አጨበጨበ።
የጉድጓዱ ሽታ ከነፋሱ ጋር ይመጣል፣ ይሄዳል።

አመሻሽ ላይ ወንበሩን ባዶ አገኘሁት።
ቱቦው ብቻ ከበሩ ሥር ወጥቶ
በሣሩ ላይ ይሳባል፣ ቀስ እያለ ተፈትቶ፣
ዓሣ እንደ ጎተተው የመንጠቆ ገመድ።
ሠላሳ ክረምት በረዶ ሰርስሮ መረብ የጣለ ሰው፣
ዛሬ ከገመዱ ጫፍ ላይ ያለው ራሱ ነው።
ተከተልሁት። ቁጥቋጦውን አልፎ፣ ቱቦው ተወጥሮ፣
ስልሳ እርምጃ ሲቀረው ከውሃው፣ ቆሟል እጁን አጣምሮ።
አልጠራሁትም።
ማረን ናት ያለፈችን፣ ባልዲ አንጠልጥላ ወርዳ፤
ስትመለስ ግማሹን ጫማዋ ላይ ደፍታለች።

እግሩን ነከረ።
«ይሄ ሰባት ቁጥር አይደለም» አለ።
«አይደለም» አልሁት።
«ቀዝቃዛነቱ ግን ያው ነው።»

አራት ሰዓት ሲሆን ሞተሩ ሁሉ ጠፋ፤
ከሰፈሩ የእኛ ማሽን ብቻ ቀረ፣ ኩርር... ፍስስ...
«ውሃውን እንዳትደፉት» አለ ከአልጋው፣ «ነገም እነክራለሁ።»

ጠዋት ባልዲው ደርቋል።
ውሻው ከደጅ ተጋድሟል፣ ሆዱ ተነፍቶ።