ትርፍ

ከባሕሩ አፋፍ ላይ፣ በሎፎተን ደሴት፣
ሒሳብ ያዥ ነኝ እኔ፣ ከዓሣ ማራገፊያው ቤት።
ገቢውን በቀኝ፣ ወጪውን በግራ፣
ሃያ ዓመት ጻፍኩኝ፣ ስሕተት ሳልሠራ።

ሐኪሙ ሲነግረን፣ ወለሉን እያየ፣
«በልጃችሁ ደም ውስጥ አንድ ነገር ታየ፤
ሃያ አንደኛው ላይ፣ ጥንድ መሆን ሲገባው፣
አንድ ክሮሞሶም ትርፍ ነው ያለው።»
ዳውን ሲንድረም ብሎ በወረቀት ጻፈ፤
ሐልቫርድ ተቀብሎ ለአራት አጠፈ።
እኔ ግን ከዚያ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዝኩኝ፦
ትርፍ።
ስወደው የኖርኩት፣ በዓመት መዝጊያ ሰሞን
ሁለት መሥመር ከሥሩ የማሰምርለት ቃል
ያን ሌሊት ዞረብኝ፤
ያልተፈለገ፣ የተረፈ፣ የሚጣል።

«ደምረህ ስትሠራ እጅህ ምነው ሳተ?»
ብዬ ፈጣሪን ወቀስኩ፤ ጨለማውን እያየሁ
መልሱን ስጠብቅ
ሕፃኑ አነጠሰ። ሌላ መልስ አልሰማሁ።

አማቴ ጉሪ መጣች፣ ሹራቧን ይዛ፣
ሦስት ጀልባ ቀይራ፣ በበረዶ ደንዝዛ።
አላለቀሰችም። አላጽናናችም።
«ልጅ ነው» አለች፤ «ልጅ ደግሞ ይበርደዋል።»
አባቴ ግን ደውሎ ስለ ነፋስ ጠየቀ፤
የልጄን ስም ሳያነሣ ጥሪው አለቀ።

በአምስተኛው ወር ላይ ልቡን ከፈቱት፤
ቀዳዳ ነበረው፤ ኦስሎ ላይ ሰፉት።
ሳይሰፉት በፊት ግን፣ በዚያችው ቀዳዳ፣
ሾልኬ ገብቻለሁ፣ ሳላውቅ፣ እንደ እንግዳ።

አልዋሽም፤ ከባድ ነው።
የጫማ ማሰሪያ ሦስት ክረምት ፈጀ፤
ጀልባው ትቶን ሄደ፣ ቀናችን አረጀ።
አንድ ቀን ጮኽኩበት፤ መኪና ውስጥ ገብቼ
አለቀስኩ፣ በሩን በላዬ ዘግቼ።
እርሱ በመስኮቱ እግሩን አነሣልኝ፤
ቋጠሮው ጠማማ ነው። ግን ታስሮ ታየኝ።

በቤተ ክርስቲያናችን፣ ከጣሪያው መካከል፣
የእንጨት መርከብ አለች፣ በገመድ የምትንጠለጠል።
ዐሥር ዓመት ሲሞላው፣ ቄሷ እየሰበከች፣
ሲቨርት ብድግ አለ፣ እጁን ወደ ላይ ልኮ፣
«ሰው የለባትም!» አለ፣ በሙሉ ድምፁ ጮኾ።
ቄሷ ስብከቷን ትታ ቀና ብላ አየች።
መቶ ዓመት ከሥሯ ስንጸልይ፣ ባዶ ነበረች።

በሳምንቱ አባቴ፣ ነፋስ የጠየቀው፣
ከኪሱ አንድ ነገር አወጣ፤ የጠረበው
ጣት የምታህል ሰው፣ ከጥድ፣ ባርኔጣ ያለው።
መሰላል አቆመ። ሰባ አምስት ዓመቱ ነው።
ጉልበቱ ሲርድበት ሲቨርት ከሥር ያዘለት፤
«ቀስ፣ አያቴ፣ ቀስ» አለ፤
እኔ ለእርሱ እንደምለው፣ ቃል በቃል አለለት።
ያን ቀን ምን እንደተሰበከ አላስታውስም።
ጸልያለሁ ግን፤ ምንም አልጠየቅኩም።

ዛሬ ዐሥራ ዘጠኝ ሆኖት ከእኔ ጋር ይሠራል፤
በዓሣ ሣጥኖች ላይ ምልክት ይለጥፋል፤
«ይህ ለፖርቱጋል፣ ያኛው ለጣሊያን» ይላል።
ደስ ሲለው አንዱን ሣጥን ሁለት ጊዜ ያደርገዋል።

ትናንት ማታ መብራት ላጠፋ ስዞር
አንድ ሣጥን ላይ ሁለት ምልክት ነበር።
ሒሳቡ አይገጥምም።
ጥፍሬን ከጠርዟ ሥር አስገብቼ ነበር፤
አልላጥኳትም።