የአጥሩ ጉዳይ

አባቱ ወታደር፣ ድንበር የጠበቀ፣
ስሙን «አስፋወሰን» ብሎ አጸደቀ።
ልጁ ግን ዕድሜውን፣ ከጉርምስና እስከ ሽበት፣
ወሰን ሲያለሰልስ ኖረ በወረቀት።

እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ ጣቶቼ ያውቁታል፤
በኦሊቬቲ ላይ ስንት ጦርነት ቆሟል።
«ጠላት» የሚል ቃል ረቂቅ ላይ ሲያገኝ፣
መነጽሩን ገፍቶ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣
«ሌላኛው ወገን» ሲል ይጽፋል ከጎኑ፤
ቀይ ቀለም ነው ሁሌም፣ አይለቅም ከእጁ።
«እንደገና ምቺው» ይለኛል በትሕትና፤
እኔም እመታለሁ፣ አሁንም እንደገና።
ከአፉ የወጣ የመምታት ትእዛዝ
ይኸው ብቻ ነበር፣ በዚያ ሁሉ መዘዝ።

አንድ ክረምት ነበር፤ አፍሪካ አዳራሽ
ሁለት ልዑክ መጣ፣ ሁለቱም ከሳሽ።
በአንድ በር አንገባም ብለው ደጅ ላይ ቆሙ፤
ጃንጥላ በመያዝ ዘበኞች ደከሙ።
እሱ ምን አደረገ? አንዲት ቃል አልወጣው፤
ጃንጥላውን አጥፎ፣ ዝናብ እየመታው፣
በሁለቱ መሃል ቆመ እየበሰበሰ፤
ከወዲህ አንዱ ሳቀ፣ ከወዲያ አንዱ አስነጠሰ፤
«ይማርህ!» አለው ያ፣ ሳያስበው፣ ከአፉ አምልጦት።
ድርድሩ ተጀመረ። የቀረው የሻይ ሰዓት።
በቃለ ጉባኤ ግን ይህ አልተጻፈም፤
ማስነጠስ በአጀንዳ ተይዞ አያውቅም።

ሁሉም አልሰመረም። አለ አንድ ቡኒ ፋይል፣
ፊርማ ያልነካው፤ መሳቢያው ታች ይውላል።
ያኔ ከአየር ማረፊያ ቀጥታ ቢሮ መጣ፤
ባርኔጣውን ሳያወልቅ ተቀመጠ፤ ቃል አልወጣ።
በሦስተኛው ቀን ጦሩ ተጀመረ፤
ሬዲዮው የከተማ ስም ሲጠራ አደረ።
እሱም እየሰማ፣ በእርሳስ፣ ጠርዙ ላይ፣
«የቱ ጋ ነው የሳትነው?» ብሎ ጻፈ። እንዳላይ
በክንዱ ሸፈነው።
አየሁት።

ግን ተረት እንዳይመስል ልናገር ጉዱን፦
ይህ ሰው ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከገዛ አጥሩ ጎን፣
ከአናጢው ከሽኩር፣ ከጎረቤቱ ጋር፣
ሃያ ስምንት ዓመት ኖሯል ሳይነጋገር።
ሁለት ክንድ መሬት ናት፤ የዛገ ቆርቆሮ።
አንዱ «ገፋኝ» አለ፣ ሌላው «የኔ ናት ድሮ»፤
ስሙም አላገዘው፦ «አስፋወሰን ብለው
ምን ሊያደርግ ኖሯል?» ይል ነበር አናጢው።

ኋላ ግሬደር መጣ። ካዛንቺስ ሲፈርስ
ድንበሩም ተነሣ፣ እስከ ምስማሩ ድረስ።
ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ አቧራ ለብሰው፣
በየፍራሻቸው አጠገብ ቆሙ ተያይተው።
«አሁንስ ታረቃችሁ?» አልኩት፣ ላስቀው ብዬ።
አልሳቀም።
«ይሄማ ሰላም አይደለም፤ ጸጥታ ነው፤
ግሬደር ያመጣውን ሰው አይፈርመው።»

ሰማንያ አንድ ዓመቱ። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፤ ሊፍቱም አይሠራም።
ኮቱን ቆላልፎ ደረጃውን ወጣ፣
በየፎቁ ቆሞ፣ ትንፋሽ እያጣ፤
እኔን አስከተለኝ፦ «ቃለ ጉባኤ ያዢ፤
አንዲት ቃል አትዝለይ፤ እንዳታፌዢ።»

ሽኩር በሩን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ አየው።
«ግባ» አላለውም፤ «ሂድ»ም አላለው።
እሱም ከደፉ ማዶ ቆመ፤ አላለፈም።
«አጥሩን እኔ ነበርሁ የገፋሁት» አለ፤
«ሃያ ስምንት ዓመት አንደበቴ ዋለ
ሰውን ሲያስታርቅ፤ አንተን ግን አፈረ።
ሁለቱም ክንድ ያንተ ነው።»
ሽኩር ጥቂት አሰበ፦
«ሁለት አይደለም» አለ፣ «ክንድ ተኩል ነበረ።»

ሰርዤ አረምሁት። ሁለቱም ፈረሙ፤
የሱ በቀይ ቀለም፣ የሽኩር ከጆሮው ላይ
ባወረዳት እርሳስ።

በሞተ ጊዜ ሬዲዮው ብዙ አገር ጠራ፤
ኒሻን ቆጠረለት፣ ከነማዕረጉ፣ በተራ።
ልደታን አላነሣም።
ያቺ ወረቀት ግን እኔ ጋ ናት፤ ሁለት ቦታ ታጥፋ።

ትናንት በዚያ ሳልፍ፣ ከመስታወቱ ፎቅ ሥር፣
አጥሩ የነበረበትን ገመትሁ፤ በግምት ነው እንግዲህ።
ክንድ ተኩሏን ተራመድኋት።
አንዲት እርምጃ ናት፤
ያውም የኔ፣ የአሮጊት።